መብራት የሚመጣው ከወዴት ነው?

ደሴ ላይ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ቶሳ ተራራ ላይ ሲከብድ አንዱ ጎረቤት "አሁን ሊሄድ ነው" ይላል፤ ይሄዳል። ማታ ላይ ልጆች "መጣ!" ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። "ተቋረጠ" የሚለው የማስታወቂያ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም አይለውም። ኤሌክትሪክን እንዲህ እንደ መንገደኛ እያወራነው፣ ወዴት ሄደ፣ ከየትስ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። መሐንዲሶችን መቶ ዓመት ሙሉ ያስጨነቀ ጥያቄ መሆኑን፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መልሱ በእኛው ዕድሜ እንደተለወጠ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የማኅበራችን አዘጋጆች "ከምትኖሩበት አካባቢ ታሪክ ጻፉልን" ሲሉ ስለ ደሴ የሚጻፍ ጠፍቶ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል አሉ፤ አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር መመታቱ አለ። ይህን ሁሉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ጽፈውታል። እኔ የመረጥኩት ሪሌ የሚባለውን ሳጥን ነው። ሰብስቴሽን ውስጥ ፓነል ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሠራም፤ በሚሠራባት ቅጽበት ግን ማን መብራት እንደሚኖረው፣ ማን ጨለማ ውስጥ እንደሚቀመጥ ይወስናል። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ነኝ። የማውቀውን ያህል ያወቅሁት ዕድሜያቸውን በፕሮቴክሽን ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ ከወጡት አጎቴ፣ የቀረውን ደግሞ ከማታ ንባብ ነው። ከእናንተ መካከል የኤሌክትሪክ መምህራን እንዳላችሁ ስለማውቅ ተጠንቅቄ እጽፋለሁ።

ከቀላሉ እንጀምር። መስመር ላይ ዛፍ ሲወድቅ፣ መብረቅ ሲመታ ወይም ሽቦ ተበጥሶ መሬት ሲነካ ከወትሮው እጅግ የበዛ ከረንት ይፈሳል። ባለሙያዎቹ ይህን ፎልት ይሉታል። ሪሌው ራሱ ያን ከረንት አይቆርጥም፤ የሚቆርጠው ብሬከር ነው። ሪሌው ይለካል፣ ይፈርዳል፣ "ቁረጥ" ብሎ ያዛል። የድሮው ሪሌ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ስንት ነው? ምን ያህል ቆየ? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መወሰን ነው ሴቲንግ የሚባለው። ከረንቱ ከተወሰነው ልክ ካለፈና ከተወሰነው ጊዜ በላይ ከቆየ ይቆርጣል።

ኃይል ከአንድ ወገን ብቻ በሚመጣበት አገር ይህ ይበቃል። የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሪሌ ፈጣን ይደረጋል፤ ወደ ምንጩ እየቀረብን ስንሄድ እያንዳንዱ ሪሌ ከፊቱ ካለው በትንሹ፣ በሰከንድ ሦስት አሥረኛ ወይም አራት አሥረኛ ያህል፣ እንዲዘገይ ይደረጋል። ጫፉ ላይ ፎልት ሲፈጠር የጫፉ ሪሌ ይቀድማል፤ ከኋላው ያሉት "ልጁ ጨረሰው" ብለው ይተኛሉ። አጎቴ ይህን "የሽማግሌ ሥርዓት" ይሉታል፤ ታላቅ የሚናገረው ታናሽ ሲያቅተው ነው።

የአገራችን የመብራት መረብም ለረጅም ዘመን የተሠራው በዚሁ መልክ ነበር። "መብራት ኃይል" የሚለው አፋችን ላይ የቀረው ስም የመጣው በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ የሚያስተዳድረው ሁለት ዓይነት አገር ነበር፤ በመስመር የተያያዘው ማዕከላዊ ሥርዓት አንዱ፣ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ የናፍጣ ጄኔሬተር የሚኖርበት ሌላው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ አዋሽ 2 እና 3፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ግልገል ጊቤ ተከተሉ። ካርታ ላይ ብታዩዋቸው ሁሉም ከወሎ በስተደቡብ ወይም በስተምዕራብ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው መስመር እንደ ረጅም ክንድ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ደሴ ዳገቱን ይወጣል። መብራት ከደቡብ ይመጣ ነበር፣ አለቀ። "ከወዴት?" ብሎ መጠየቅ ያን ጊዜ ቢሆን ሞኝነት ነበር።

አሁን ግን ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ወደ አንድ ከተማ ይሄዳሉ እንበል። አንደኛው መሃሉ ላይ ፎልት ተፈጠረበት። ከረንቱ ወደ ፎልቱ የሚሄደው በዚያው መስመር ብቻ አይደለም፤ ጤነኛው መስመርም ይዞ ወደ ከተማው ይወስደዋል፣ ከተማው ባስ ባር ላይ ይጠመዘዝና በታመመው መስመር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ፎልቱን ይመግባል። ከተማው ዳር ያሉት ሁለቱ ሪሌዎች የሚያዩት ከረንት እኩል ነው። በመጠንም በጊዜም የሚለያቸው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለቱም ይቆርጣሉ፤ ጤነኛው ከታመመው ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ሁለተኛ መስመር ለመዘርጋት የወጣው ገንዘብ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ከንቱ ይሆናል። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአንደኛው ከረንቱ ወደ ከተማው ይገባል፣ በሌላኛው ከከተማው ይወጣል። አቅጣጫ ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ወዲያም ወዲህም የሚሄድን ነገር "ወዴት እየሄድክ ነው?" ብለህ ምን ብሎ ይመልስልሃል? ከረንቱን ብቻ ብታየው መልስ የለውም። መልሱ የሚገኘው ከሌላ ነገር ጋር ስታነጻጽረው ነው፤ ከቮልቴጁ ጋር። ከረንቱና ቮልቴጁ ማዕበላቸው አብሮ ይነሳል ወይስ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል? ፎልቱ ከሪሌው ፊት ለፊት ከሆነ ከረንቱ ከቮልቴጁ ኋላ በተወሰነ ማዕዘን ይከተላል፤ ፎልቱ ከጀርባ ከሆነ ያው ከረንት ግልብጥ ብሎ ይታያል።

ሐኪሞች ይህን እናውቀዋለን። ጎንደር እያለን፣ ስሙ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ በተቀየረበት ሰሞን፣ ኢሲጂ ማንበብ ስንማር መጀመሪያ የተነገረን ነገር ይኸው ነበር፦ የልብ ኤሌክትሪክ ወደ ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ ከመጣ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከራቀ ወደ ታች ይወርዳል። ልቡ ያው ልብ ነው፤ የሚለየው አንተ የቆምክበት ቦታ ነው። የቀኝና የግራ እጅ ሽቦ ቢቀያየር ደግሞ ጤነኛው ሰው ልቡ በቀኝ በኩል ያለ ይመስላል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁና "የእኛም በሽታ እሱው ነው" አሉኝ። ከረንቱን ለሪሌው አሳንሶ የሚያቀርበው ሲቲ የሚባለው ትራንስፎርመር ሽቦው ተገልብጦ ከታሰረ፣ ሪሌው ፊቱን ወደ ጀርባ አዙሮ ይቆማል፤ የራሱን መስመር ፎልት አያይም፣ የጎረቤቱን እያየ ይቆርጣል። ሴቲንጉ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ሪሌውም አዲስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አዲስ መስመር ሲገባ ጭነት ተጭኖበት የከረንቱና የቮልቴጁ ማዕዘን በመሣሪያ የሚለካው፤ ወረቀት አይታመንም።

አንድ ሌላ ችግርም አለ። ፎልቱ እሰብስቴሽኑ ደጃፍ ላይ ከተፈጠረ ቮልቴጁ ራሱ ይወድቃል፤ ማነጻጸሪያው ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ብልህ ነው። የአንዱን ፌዝ ከረንት ከራሱ ቮልቴጅ ጋር ሳይሆን ከሌሎቹ ሁለት ፌዞች ቮልቴጅ ጋር ያነጻጽሩታል፤ ያኛው ቢወድቅ እነዚያ ቆመዋል። ሦስቱም አብረው ከወደቁስ? ሪሌው ከጥቂት ቅጽበት በፊት የነበረውን ቮልቴጅ ያስታውሳል፣ በትዝታው ይፈርዳል። ማዕዘኑ ስንት ይሁን የሚለውም ራሱን የቻለ ሴቲንግ ነው፤ 30፣ 45፣ 60 ዲግሪ እንደ መስመሩ ጠባይ ይመረጣል። በደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ የሚያሳየው ከረንት ትንሽ ስለሆነ የመሬት ፎልት ለብቻው ሌላ ሪሌና ሌላ ልክ ይጠይቃል። ይህን በዚህ ልተወው፤ አለበለዚያ መጽሔቱ አይበቃኝም።

የዓለሙ ታሪክ እንዲህ ነው የሄደው። ከተሞች መስመሮቻቸውን በቀለበት ማያያዝ ሲጀምሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አቅጣጫ የሚለዩ ሪሌዎች መጡ፤ እንደ ቤት ቆጣሪ በሚሽከረከር የብረት ዲስክ የሚሠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1923 አሜሪካ ውስጥ ርቀት የሚለካው ሪሌ ተዋወቀ። ቮልቴጁን ለከረንቱ ሲያካፍሉት ፎልቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል፤ ማዕዘኑ ሲጨመርበት በየት በኩል እንደሆነም ይናገራል። (በማግስቱ ዓመት፣ 1924፣ አይንትሆቨን ለኢሲጂ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሁለቱ መገጣጠም ደስ ስለሚለኝ ነው የማነሳው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።) ዛሬም የሪሌው የመጀመሪያ ዞን የመስመሩን 80 በመቶ ያህል ይሸፍንና ወዲያው ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ዞን ከመስመሩ ጫፍ አልፎ ያያል ግን ይታገሣል፤ ሦስተኛው ሩቅ ያያል፣ የበለጠም ይታገሣል። ከ1984 ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተር ያለባቸው መጡ፤ ዲስኩ ቀረ፣ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

የተሳሳተ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ዓለም የተማረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1965 ማታ ነው። ካናዳ ውስጥ ናያጋራ አጠገብ ካለው የቤክ ጣቢያ ኃይል ወደ ቶሮንቶ ከሚወስዱት አምስት መስመሮች በአንዱ ላይ ያለ ሪሌ ቆረጠ። ፎልት አልነበረም። ሴቲንጉ ከሁለት ዓመት በፊት የተሰጠ ነበር፤ ጭነቱ እያደገ መጥቶ ያችን ቁጥር ነካት፤ ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ቁጥሯ ያን ያህል ዝቅ ያለች መሆኗን አያውቁም ነበር። የተቀሩት አራት መስመሮች ጭነቱን መሸከም አቅቷቸው ተከታትለው ወጡ። ወደ ቶሮንቶ ይሄድ የነበረው ኃይል መሄጃ ሲያጣ ዞሮ ወደ ኒው ዮርክ ፈሰሰ። 30 ሚሊዮን ሰው ጨለመበት፤ አንዳንዱ ጋ እስከ 13 ሰዓት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2003 ነሐሴ ላይ 50 ሚሊዮን ሰው በጨለመበት ጊዜም ኦሃዮ ውስጥ አንድ ትልቅ መስመር የቆረጠው በሦስተኛ ዞን ሪሌ ነው፤ ከባድ ጭነትን ሩቅ ያለ ፎልት መስሎት። እነዚህን ሁለቱን ሳነብ የገረመኝ ማሽኑ ሁለቱንም ጊዜ እንደታዘዘ መሥራቱ ነው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተከዜ ተመረቀ፤ 300 ሜጋ ዋት። ኃይሉ ወደ መቀሌ ይገባል፤ ከመቀሌ በአላማጣ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መስመር አለ። ከባሕር ዳር በጋሸና አድርጎ አላማጣ የሚደርስም አለ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጣና በለስ ሲመረቅ ከዚያም ወገን 460 ሜጋ ዋት ተጨመረ። በ2006 ዓ.ም. የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ከመቀሌ አጠገብ ተከተለ፤ ነፋስ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ የሚነሳና የሚተኛ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሰመራ የሚወጣ መስመርም አለ። እንግዲህ ኮምቦልቻ የክንዱ ጫፍ መሆኗ ቀርቶ መገናኛ ሆነች። ዛሬ ከደቡብ የሚመጣው ነገ ከሰሜን ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ጧት አንዱ፣ ማታ ሌላው።

ስለ ተከዜ ሲወራ የግድቡን ከፍታ ሁሉም ያነሳል። ከዚያ በኋላ በየሰብስቴሽኑ የሪሌዎች ዓይን ወዴት ያይ የሚለው እንደገና መታሰብ እንደነበረበት የሚያነሳ ግን አልሰማሁም። አጎቴ የግላቸው ደብተር ነበራቸው፤ ባለ ካሬ ወረቀት፣ በብዕር የተሰመረ። የመስመሩ ስም፣ የድሮ ሴቲንግ፣ አዲስ ሴቲንግ፣ ቀን፣ በመጨረሻ "ምክንያት" የሚል ዓምድ። ከ2002 በፊት ያሉት ምክንያቶች ሁሉ "ጭነት ጨመረ" የሚል ዓይነት ናቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች አንዱ ላይ ምክንያቱ ሦስት ቃል ነው፦ "ከሰሜንም ይመጣል ጀመር።" ሰዋስዉ ትክክል አይደለም፤ ለእኔ ግን ከብዙ የምረቃ ንግግር ይበልጣል።

ኮምቦልቻ ራሷም አልተቀመጠችም። ጨርቃ ጨርቁ በደርግ ጊዜ መጣ፣ ቢራ ፋብሪካው ተከተለ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ፋብሪካ ማለት ሞተር ማለት ነው፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ አጠገቡ ፎልት ሲፈጠር ለጥቂት ቅጽበት እሱም ከረንት ወደ ኋላ ይሰጣል። ፋብሪካም ምንጭ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ምን ጥልቅ አደረጋት የምትሉ አትጠፉም። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ማታ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበርን። ማህፀኑ ተከፍቷል፣ ልጁ ወጥቷል፣ እናትየው እየደማች ነው። መብራቱ ሄደ። መምጠጫ ማሽኑም አብሮ ቆመ። ነርሷ ስልኳን አብርታ ያዘችልኝ፤ ደሙን በፎጣ እየተጫንኩ በእጄ እየዳሰስኩ ሰፋሁ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። እናቲቱም ልጁም ደህና ናቸው። በማግስቱ የሰማሁት ግን መብረቁ የመታው ሌላ ሰፈር ያለ ሌላ መስመር ላይ መሆኑን ነው። የእኛ መስመር ምንም አልሆነም ነበር፤ ከታመመው ጋር ተቆረጠ እንጂ። አጎቴ ዘንድ ሄጄ አማረርኩ። "አብሽሪ" አሉኝ እንደ ወሎ ደንብ፣ ከዚያ ወረቀት አንስተው ሁለት መስመርና አራት ሪሌ ሳሉልኝ። ትምህርቴ የተጀመረው በዚያች ወረቀት ነው።

እኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሽተኛ ስንለይ "ቅድሚያ ለማን?" እንላለን። የሪሌው ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው፤ "ከማን ብቻ ልቁረጥ?" ይላል። ባለሙያዎቹ ለዚህ ጠባይ የሚሰጡት ስም መምረጥ መቻል የሚል ነው። ፍጥነትና መምረጥ ደግሞ ይጣላሉ። በጣም የቸኮለ ሪሌ ጤነኛውን ይቆርጣል፤ በጣም የታገሠ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቀው አቅጣጫውን ማወቅ ነው፤ ጀርባውን እንዲረሳ የተፈቀደለት ሪሌ ፊቱ ላለው ለመፍጠን አይፈራም።

በ2014 ዓ.ም. የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጥቅምት ወር የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ በመንግሥት እጅ ተመለሱ። የደሴ ሆስፒታልም ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈው ተገኙ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የሚጻፍ አለ፤ እዚህ የማነሳው አንዷን ነገር ብቻ ነው። አጎቴ ያን ጊዜ ጡረታ ላይ ነበሩ። ስለተጎዱት መስመሮች ሲወራ የጠየቁት ግንቡና ሽቦው አልነበረም። "የሴቲንግ ወረቀቱስ?" አሉ። ሴቲንግ የሚሰላው ሙሉው መረብ አለ ተብሎ ነው፤ ከሰሜን ይህን ያህል፣ ከደቡብ ይህን ያህል ይመጣል ተብሎ። አንዱ ክንድ ሲቆረጥ የፎልቱ ከረንት ይቀንሳል፤ ትናንት ፎልቱን በግልጽ ያየው ሪሌ ዛሬ ላያየው ይችላል። መስመሩ ቁራጭ በቁራጭ ሲመለስ ደግሞ ቁጥሩ በየደረጃው መመርመር አለበት። ሽቦ የሚዘረጉትን በቴሌቪዥን እናያለን፤ ፓነል ፊት ቆሞ ማዕዘን የሚለካውን ማንም አይቀርጸውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ዲስክ ያላቸው የድሮ ሪሌዎች በዲጂታል ሲተኩ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ቁራጭ ብረት ይሄዳሉ። በእጅ የተጻፉት የሴቲንግ ደብተሮች ጻፊዎቹ ጡረታ ሲወጡ ቤት ይቀራሉ፤ ልጆች ቤት ሲያጸዱ ይጥሏቸዋል። የወሎ መስመር የትኛው ዓመት ላይ ከክንድነት ወደ መረብነት እንደተለወጠ ከምርቃት ዜና አይገኝም፤ የሚገኘው ከእነዚህ ዓምዶች ነው። የበሽተኛ ካርድ ማለት ናቸው፤ ምን ተሰጠ፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን። ካርድ የሌለው በሽተኛ ሲመጣ ምን እንደሚሰማን እናንተም ታውቃላችሁ።

ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሰብስቴሽኑ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ነው። ከእናንተ መካከል እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ የምታስተምሩ አላችሁ። ለአንድ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ሁለት ተማሪ፣ አንድ ካሜራ፣ ጡረታ የወጡ ጥቂት ቴክኒሻኖችን አድራሻ ይበቃል። መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አሁን በሥራ ላይ ያሉት ቁጥሮች ለማንም የሚበተኑ አይደሉም፣ የምለው ስለ አሮጌዎቹ ነው።

የአጎቴን ደብተር በእሳቸው ፈቃድ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ 2 ገጽ ቡና ፈስሶባቸዋል፣ የቀረው ይነበባል። ለመገናኘታችን ቀን ይዤው እመጣለሁ። የእጅ ጽሑፋቸው ከሐኪም ስለሚብስ የሚነበበው አጠገባቸው ሆኖ ነው፤ እሳቸው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ ከሰዓት በኋላ ቤት አይጠፉም።